የገብረየስ ውለታ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለእናናዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እማማስ እንዴት ናቸው? ከአልጋ ተነሥተው በከዘራ እስከ በረንዳ ድረስ ወጡ ያልሽኝ ዕለት ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ቋንቋዬን ለማያውቅ ሰው ሁሉ ስነግር ዋልኩ። እኔን ከጠየቅሽኝ ደህና ነኝ። ወገቤም እንደ ዐመሉ ነው፣ ሥራውም እንደ ዐመሉ ነው። ብርዱን አታንሺብኝ፤ የደሴ ውርጭ እዚህ ቢመጣ ጃኬት ገዝቶ ነው የሚለብሰው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሰርካዲስ ናት። አጎቷ ዐርፈው ለለቅሶ ልትሄድ ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ አስገቢልኝ ብዬ ለመንኳት። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ እማማ አጠገብሽ ናቸው፣ ፊትሽ ሲለዋወጥ ያያሉ። የታመመ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም፣ የሰው ፊት ሲያይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ይህን ጓሮ ወጥተሽ ብቻሽን አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት የልጃችን የሐምራዊት ድምፅ ምን ሆነብኝ ብለሽ ስትጠይቂኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ጉንፋን አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከስመኝ ልጅ ከዳጊ ነው። አንቺ ስትሄጂ ገና መታሰሩ ነበርና ዝርዝሩን አልሰማሽም። እንደምታውቂው ልጁ ከሥራ መልስ በስልክ እየተጠራ በመኪናው ሰው ያመላልስ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ጠሩት፤ ሞርስ ሮድ ላይ አንድ ሱቅ አድርሰን አሉት፣ አደረሳቸው፤ ጠብቀን አሉት፣ ጠበቀ። ለካ እነሱ ሱቁን በሽጉጥ ዘርፈው ነው የወጡት። ዳጊ ፖሊስ መንገድ እስኪዘጋበት ድረስ ምንም አላወቅኩም ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ። አቃቤ ሕጉ ግን ሦስተኛው ዘራፊ አንተ ነህ ብሎ ከሶታል። ከተፈረደበት ፀጉሩ ሸብቶ ነው የሚወጣው።

ስመኝ የሆቴል አልጋ እያነጠፈች በምታገኘው ጠበቃ መግዛት አትችልም። ፍርድ ቤቱ ራሱ መደበላት። የተመደበው ደግሞ የእኛ ሐምራዊት በጠበቃነት የምትሠራበት ቢሮ አለቃ ሚስተር ሃርላን ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳይደግስ አይጣላም ብለን እግዜርን አመሰገንን።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ አንብቢ፣ ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት የመደበው ጠበቃ ክፍያውን የሚያገኘው ከካውንቲው፣ ከወረዳው መንግሥት ነው። ከቢሮው ሌላ ጠበቃ ታግዘኝ ካለ ዳኛዋን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ ለምን እንዳስፈለገችውም ማስረዳት አለበት። ሃርላን አስፈቀደ። ዳጊ እሱ ፊት አፉን አልከፍት ብሎ ነበር፤ ሲደነግጥ ያቺ ያለችው እንግሊዝኛም ትጠፋበታለች። ሐምራዊት ገብታ በአማርኛ ‘እንደምን ዋልክ’ ስትለው ነው አሉ እንባው ዱብ ዱብ ብሎ መናገር የጀመረው። ዳኛዋም ትርዳህ ብላ ፈቀደች፤ ሰዓቱን ግን ቆጠብ አድርጋ ነው። ትልቁ ነገር ደግሞ ይኸውልሽ፦ እዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ጠበቆች ከካውንቲው በቀር ከማንም ምንም አይቀበሉም። ከልጁም ቢሆን፣ ከእናቱም፣ ከዘመዱም። ሒሳብ ባቀረቡ ቁጥርም ከማንም አልተቀበልንም ብለው በመሐላ ይፈርማሉ።

ይህን ሁሉ ሐምራዊት እዚሁ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጣ አስረድታኛለች። አልነገረችኝም ብዬ አልዋሽሽም። “አባዬ፣ ከእነ እትዬ ስመኝ ውሃም ቢሆን እንዳትቀበልልኝ” አለችኝ። እሺ አልኩ። እኔ እንግዲህ የመሰለኝ ገንዘብ በፖስታ ቢመጣ፣ ወርቅ ቢመጣ ነው። እንዲያ ያለ ነገር ከመጣ በሩን እዘጋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የመኪናዋ ትራንስሚሽን፣ ካምቢዮው ማለቴ ነው፣ ሞተ። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ የተፈቀደላት ሰዓት አልቆባት ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ እስር ቤት እየሄደች ዳጊን ታነጋግረዋለች፤ መኪና ከሌላት እንዴት ትሂድ? ወደ ገብረየስ ጋራዥ አስጎተትኩት። ወዴት ልወስደው ኖሯል? ዲቪ ደርሶን ስንመጣ የመጀመሪያውን ክረምት ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤቱ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያሳለፍነው እሱ ዘንድ አይደለም ወይ? የስመኝ ወንድም መሆኑ፣ እመኚኝ፣ በዚያ ሰዓት በሐሳቤም አልመጣ። ሠርቶ መለሰልኝ። ሒሳብ ስለው፣ ለእህቴ ልጅ ከምትሟገት ልጅ ገንዘብ ልቀበል፣ ሞቼ እገኛለሁ አለኝ። ተከራከርኩት። ዋሌቴን ባወጣ እጄን ጠምዝዞ መልሶ ከኪሴ ከተተው። ደንበኞቹ እያዩ ትግል ሊሆን ሆነ። በመጨረሻ ተውኩት። ይህ የእኔና የገብረየስ ውለታ ነው፣ ሐምራዊት ካለችው ነገር ምን ያገናኘዋል አልኩ በልቤ። ማታ ስንት ወጣ ብላ ብትጠይቀኝ እኔ ጨርሼዋለሁ፣ አያገባሽም አልኳት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ ያ መሳም ነው።

ከዚያ የሚካኤል ልጅ ክርስትና መጣ። ያ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ መኪና የሚያስተናብረው ሚካኤል፣ በስተርጅና ወንድ ልጅ አገኘልሽ። ኖርዝላንድ አዳራሽ ተከራይቶ ጉድ የሚያሰኝ ድግስ ደገሰ። እኔና ሐምራዊትም በዚያችው መኪና ሄድን። ገብረየስ ጠጁን ደጋገም አድርጎ ነበር። ስለ አገልግሎት፣ ስለ መተጋገዝ ሲወራ ብድግ አለና፣ እኛ የሰው ውለታ አንበላም፣ ይቺ ሐምራዊት ለዳጊ እንቅልፏን አጥታ ስትሠራ እኔም መኪናዋን ከነትራንስሚሽኑ ሠርቼ ሰጥቻለሁ፣ ሳንቲም አልተቀበልኩም፣ ብሎ ተናገረ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጅቷን ሊያስመሰግን ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበ።

ቀና ብዬ ሳያት ሰሐኗን ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ሚካኤልን እንኳን ማርያም ማረቻት ብላ ተሰናብታ ወጣች። ተከትያት ብሮጥ በረዶው ላይ መኪናው አጠገብ ቆማለች። በሩን ከፈትኩላት፣ አልገባም አለች። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችኝ፤ ስትከፋ ቋንቋዋ እንደሚለወጥ ታውቂያለሽ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ምን ላይ እንደፈረመች አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለካ ከማንም አልተቀበልኩም የሚለው መሐላ ላይ ነው። በስልኳ መኪና ጠርታ ሄደች፤ እኔም የእሷን መኪና ብቻዬን እየነዳሁ ተመለስኩ።

በማግስቱ ለሃርላን ነገረችው። ሰውዬው አልተቆጣም አሉ፤ ክርክሩ ሳይጀመር ዳኛዋ ማወቅ አለባት አለ። ወሬው ደግሞ እኛ ዘንድ መቼ ያድራል፣ ያንኑ ዕለት ማታ ገብረየስና ስመኝ እኛ ቤት መጡ።

ስመኝ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ሻይ አቀረብኩ፣ የነካው የለም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ የሐምራዊት እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ልጅቷ ቀድማ ያዘቻት።

“ልጄ፣ አንቺ ከወጣሽ እሱ አፉን አይከፍትም” አለቻት። “አዳራሽ የነበርነው ሁላችንም የአንድ አገር ሰዎች ነን። ማን ይናገራል?”

ሐምራዊት እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። “እትዬ ስመኝ፣ ዛሬ እኔ ብናገር የምጎዳው እኔ ነኝ። ነገ በክርክሩ መካከል ሌላ ሰው ቢናገር የሚጎዳው ዳጊ ነው። ጠበቆቹ ተደልለዋል ከተባለ ከአፉ የሚወጣውን ማን ያምነዋል?”

እናናዬ፣ ይቺን ልጅ ማን አሳደጋት አልኩ፤ እኛ ነን እኮ። ስመኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ ይወርዳል።

ከዚያ ሐምራዊት ወደ ገብረየስ ዞራ፣ ጋሼ፣ የመኪናውን ሒሳብ ንገረንና አባዬ ዛሬውኑ ይክፈል አለችው። ፊቱ ደም መሰለ። ስድብ ነው የመሰለው። እኔ ያበላሁትን እንጀራ ዋጋም ልንገራችሁ ወይ አለ። ስመኝ ናት፣ ስለ ዳጊ ስትል ተቀበል ብላ የገላገለችን። ያለኝን አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ቆጥሮም አላየው፣ ጨብጦት ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ “እንግዲህ ደጀን፣ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛዬ ነህ” አለኝ። ያን የሚያህል ወዳጅነት እንዲህ ነው ያለቀው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀረብን። ሃርላን ኮሪደር ላይ ይዞኝ፣ ዳኛዋ አንድ ነገር ትጠይቅሃለች አለኝ። ገብረየስ ሐምራዊት የዳጊ ጠበቃ ባትሆንም ኖሮ መኪናውን በነፃ ይሠራው ነበር ወይ? የድሮ ወዳጅነት ከሆነ ነገሩ ሊቀልል ይችላል፤ ስለ ክሱ ሲል ያደረገው ከሆነ ግን ክፍያ ነው። ብቻ እውነቱን ተናገር፣ ሌላ ምንም አትጨምር አለኝ።

እውነቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ገብረየስ የእጁን ዋጋ ይተውልናል እንጂ የዕቃውን ትቶ አያውቅም። አምና ፍሬኑን ሲቀይር እንኳ ሐምራዊት ራሷ ናት ቼክ የጻፈችለት።

ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። አስተርጓሚ አጠገቤ ቆሟል። ዳጊ የእስር ቤት ልብስ ለብሶ ከሃርላን ጎን ተቀምጧል፤ ከስቶ አንገቱ ክር አክሏል። ስመኝ ከኋላ መቁጠሪያዋን ይዛለች። ሐምራዊት እኔን አታየኝም፣ ጠረጴዛውን ነው የምታየው። ዳኛዋ ያንኑ ጠየቀችኝ፣ ሃርላን እንዳለው። እናናዬ፣ ምን ልበልሽ፣ ልጄን ላድን ነው። እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። “ወንድማማች ነን፣ ሁልጊዜም በነፃ ነው የሚሠራልኝ፣ ጠበቃ ሆነችም አልሆነችም ያደርገው ነበር” አልኩ።

አስተርጓሚው ገና ሳይጨርስ ሐምራዊት ቆማለች። እሷ መቼ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል።

ክብርት ዳኛ፣ ምስክሩ ያሉት ትክክል አይደለም አለች። አምና ለዚያው ጋራዥ የዕቃውን ዋጋ በቼክ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ምስክሩም ያውቃሉ አለች። አባቴ አላለችም፤ ምስክሩ ነው ያለችው። እንደቆመች እስከ መጨረሻው ተናገረች። በኋላ ሃርላን ሲያስረዳኝ፣ ጠበቃ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ችሎት ፊት ዝም ካለ እሱም እንደዋሸ ይቆጠራል አለኝ። ዝም ብትል ኖሮ ያኔውኑ ያለቀላት ነበር ማለት ነው። እኔ ላድናት ስል ገደል አፋፍ አቁሜያት ነበር።

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ በመሐላ መዋሸት እንደሚያሳስር በአስተርጓሚው በኩል አስነገረችኝና ቃልህን ታርማለህ ወይ አለችኝ። አረምኩ። የዳጊ ጠበቃ ባትሆን ኖሮ አያደርገውም ነበር አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የእኔስ ለማደርም አልበቃ። እኔን በተግሣጽ አለፈችኝ። ሐምራዊትን ግን ከጉዳዩ አስወጣቻት። የሠራችው ሁሉ አይከፈልም፤ የጥብቅና ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍልም ነገሩን ራሷ ጽፋ ታሳውቃለች። እነሱ ምን እንደሚወስኑ የሚታወቀው ገና ከፋሲካ በኋላ ነው። ሃርላን ራስሽ ቀድመሽ መናገርሽ ይረዳሻል ብሏታል። እግዜር ይስማው።

ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ዳጊ ቀና አለና በአማርኛ፣ “የት ልትሄጂ ነው?” አላት። መልስ መስጠት አትችልም፤ ጠበቃው አይደለችም። አስተርጓሚውም ለእኔ የመጣ ስለነበር ወጥቷል። ሃርላን ደግሞ ምን እንዳለ አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንዲህ ነው። አልሰደበችኝም፣ አልጮኸችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በባስ ነው የምትመላለሰው። በዚህ ብርድ ፌርማታ ላይ ቆማ በመስኮት አያታለሁ። ላድርስሽ ብል እሺ አትለኝም። መኪናው ደጃፍ ቆሞ በረዶ ለብሷል፤ እኔም ልጠርገው አልደፍርም።

የዳጊ ክርክር የፊታችን ሰኞ ይጀምራል። ሐምራዊት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከስመኝ ጋር ከኋላው ልትቀመጥ ነው። ሃርላንን ማናገር አትችልም፣ ወረቀት ማቀበል አትችልም። ልጁ ዞር ሲል ፊቷን እንዲያይ ብቻ ነው። ለመቀመጥ የሚከፍላት የለም፣ የሚከለክላትም የለም።

ትናንት አንድ ነገር ሆነ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ምሳ ሳትይዝ ወጥታ ነበርና ሽሮ ሠርቼ፣ በፔስታል ጠቅልዬ ቢሮዋ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝና “ስንት ነው አባዬ?” አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ዋሌቷን አወጣች። ቤት የሠራሁት ነው፣ ምን ስንት አለው አልኳት። ሽሮውስ አለች። ሽሮው እናትሽ ከመሄዷ በፊት ያዘጋጀችው ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ እንግዲያው የሽንኩርቱንና የዘይቱን ብላ ሦስት ዶላር ዘረጋችልኝ።

ፊቷን አየሁት። ልታዋርደኝ አይደለም እናናዬ፣ ይህን እወቂልኝ። ከእኔ የሚመጣ ነገር ምን እንዳለበት ስለማታውቅ ፈርታ ነው። እምቢ ብል ሳትበላ ትውላለች። ስለዚህ ተቀበልኩ። ከልጄ እጅ የሽንኩርት ዋጋ ተቀበልኩ። ገብረየስ ገንዘቡን ለምን ሳይቆጥር ጨብጦ እንደተነሣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሦስቱ ዶላር ፍሪጁ ላይ አለ፣ አልነካሁትም።

ያንቺን ሽሮ ግን ልክፈል አላለችም። ስለዚህ ደውይላት። ስለ እኔ አትማልጂ፣ እንዲያውም ስሜን አታንሺ። በልተሻል ወይ፣ ለብሰሻል ወይ በያት። ካንቺ የመጣውን ትቀበላለች።

እማማን ጉልበታቸውን ስመሽ ደጀን ጤናዎን ይለምናል በይልኝ። ስመኝንም እኛንም አምላክ ያስበን፤ ይህ ሲደርስሽ ለዳጊ ሻማ አብሪለት፣ ለሐምራዊትም አብረሽ። ማርያም አንቺን በሰላም ትጠብቅልኝ።

እማማን ትተሽ ነይ አልልሽም፣ ነውር ነው። የትኬትሽን ቀን ለመቀየር ግን አያስከፍልም ብለውኛል አየር መንገዶቹ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኳቸው።

ያንቺው
ደጀን